እዳና እገዳ የሌለበት ቤት

ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው ሱቄ በር ላይ ሲቆም ገና አፉን ሳይከፍት አውቀዋለሁ። ሥራዬ የእጅ ስልክ ጥገና ነው። ስልኩ የተበላሸበት ሰው ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ ስልኩን እንደ ታመመ ጫጩት በመዳፉ ይዞ ይመጣል። ቤት ሊገዛ ያሰበው ግን ባዶ እጁን ይመጣና ስለ ዝናቡ ይጀምራል። ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ ዝናብ ከተጀመረ ቶሎ ስለማያልቅ እኔው አሳጥርለታለሁ።

«ካርታ አለው?»

«ምኑ?»

«የሚገዙት ቤት።»

ደንገጥ ይላል። ከዚያ ጥያቄዎቹ ይከተላሉ፤ ሁልጊዜም ያው ናቸው። ቀብድ ከሰጠሁ በኋላ ሻጩ ሐሳቡን ቢለውጥስ? እጥፉን ይመልሳል፤ እርስዎ ከለወጡ ግን ቀብድዎን ይርሱት። በሽማግሌ ፊት የተጻፈው ውል አይበቃም? ለመታረቅ ይበቃል፤ ስም ለማዞር አይበቃም። ሚስቱ ካልፈረመችስ? እንግዲያው የገዙት ግማሽ ቤት ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ፍርድ ቤት ይነግርዎታል። እዳና እገዳ እንደሌለበት በምን አውቃለሁ? ማስረጃ ያስወጡ፤ የሻጩን መሐላ አይመኑ፤ ሰው በሚሸጥበት ቀን የማይምለው የለም።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የለም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሳላነብ አላልፍም፤ ቀኑ ያለፈበትን ጨረታ ሳይቀር እስከ መጨረሻው አነባለሁ። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን ስስ ወረቀትም አነባለሁ፤ መድኃኒቱ የሌላ ሰው ቢሆንም። በዚህ የተነሣ ሰፈሩ «አጣሪው» ይለኛል። ለረጅም ጊዜ ምስጋና ይመስለኝ ነበር።

ቤት የገዛሁት ለእኔ አይደለም። እኔ ሱቄ ውስጥ ከባንኮኒው ሥር መተኛት የምችል ሰው ነኝ። የገዛሁት ለእናቴ ነው፤ እናቴም ቤቱን የፈለገችው ልትኖርበት ሳይሆን ልትወጣበት ነበር።

ላስረዳ። ዕድሜያችንን ሁሉ በኪራይ ኖርን። አከራይ በአከራይ ላይ ለዋወጥን፤ አንዱ እንግዳ ይቆጥራል፣ አንዱ አምፖል ያጠፋል፣ አንዷ ደግሞ እናቴን ሽንኩርት ስታቁላላ ባሳላት ቁጥር «ደረቅ ሳል አለሽ እንዴ?» ትላለች። በመጨረሻው ግቢ ሳለን እናቴ የሳንባ ምች ይዟት ተኛች። አከራያችን ጨዋ ሰው ናቸው፤ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት ገቡ። ራስጌዋ ተቀምጠው ብርቱካኑን አንድ በአንድ ደረደሩ።

«እግዜር ይማርሽ» አሉ በመጨረሻ። «ብቻ… የልጄ ሠርግ ለጥር ነው።»

«እንኳን ደስ አለዎ» አለች እናቴ በደከመ ድምፅ።

«ድንኳኑ የሚተከለው እዚሁ ግቢ ነው። እና… እስከዚያ ትድኛለሽ አይደል?»

ክፉ ሰው ሆነው አልነበረም። የሠርግ ድንኳንና የለቅሶ ድንኳን አንድ ግቢ ውስጥ አይተከልም፤ የማንም ጥፋት አይደለም። እናቴም ተረድታቸዋለች። ዳነችላቸው። ሠርጉንም አብራ አበሰለች። ከሠርጉ በኋላ ግን ጠራችኝና «ልጄ፣ ሬሳዬ ከሰው በር አይውጣ» አለችኝ። ሌላ ነገር ለምናኝ አታውቅም።

ያለኝን ሁሉ አጠራቀምኩና ቤት መፈለግ ጀመርኩ። የተገኘው የአቶ ካሴ ቤት ነው። አቶ ካሴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የሚሸጠው አንድ ልጃቸው ሙሉቀን ነው፤ ባሕር ዳር ሊዛወር ነው። የእናቱስ ድርሻ? አልኩ። ውክልና ሰጥታኛለች አለ። ውክልናውን ተቀብዬ ሦስቱንም ገጽ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ስም ለማዞር» ይላል፤ የእናቱ የእማሆይ ትበልጭ የጣት አሻራ አለበት፤ አድራሻቸው አምበር፣ የእኅታቸው ልጅ ቤት። ትክክል ነው። ካርታውን ከመሬቱ ጋር አስተያየሁ። አጥሩን በሜትር ለካሁ። አዋሳኞቹን አነጋገርኩ። የሽንት ቤቱን ጥልቀት ሳይቀር በረጅም ባሕር ዛፍ ለካሁ፤ ሙሉቀን አፍንጫውን ይዞ ቆሞ አየኝ።

በቢሮ በኩል ስላገኘሁት መከራ ልትሰሙ እየተዘጋጃችሁ ከሆነ አዝናለሁ። መከራ አልነበረም። ኮቱ ወንበሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ራሱም ኮቱ ውስጥ ነበር። ስሙ ዞረ፤ ካርታውን በላስቲክ አስለበጥኩት። እዳና እገዳ የለበትም የሚል ባለማኅተም ማስረጃ በእጄ ገባ። በዚያ ቀን ከእኔ የተሻለ ቤት ገዢ በጎጃም ምድር ያለ አልመሰለኝም።

ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ገባን። እናቴ ገና መደቡን ሳታጸዳ የጎረቤታችን የእትዬ ደብሬ ራስ በአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ብቻ…»

ከ«ብቻ» በኋላ ደህና ነገር መጥቶ አያውቅም።

«ብቻ ምን?» አለች እናቴ።

«አይ፣ ምንም። ደፋር ናችሁ ማለቴ ነው። እኔስ የግዝት ቤት አልደፍርም።»

እናቴ መጥረጊያውን ለቀቀችው።

«የምን ግዝት?»

«ሙሉቀን አልነገራችሁም? አያ ካሴ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ የንስሐ አባታቸውን አባ ኪዳኔን አስጠርተው፣ ይህን ቤት የሸጠም የገዛም ውጉዝ ይሁን አስብለው የለም? ኧረ እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ጠበሉን የያዝኩት እኔ ነኝ!»

እኔ ፈጠን ብዬ ማስረጃዬን አወጣሁ።

«እትዬ ደብሬ፣ ቤቱ እገዳ የለበትም። ይኸው ማኅተሙ።»

«የማን ማኅተም ነው?»

«የቢሮው።»

«እኔ የምልህ የጴጥሮስ ወጳውሎስን ነው።»

ይህ ለከተሜ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለእናቴ ግን ምን እንደነበር ልንገራችሁ። በውግዘት የሞተ ሰው ፍትሐት የለውም። ካህን አይፈታውም፣ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። ሬሳዋ በክብር እንዲወጣ ብዬ የገዛሁላት ቤት ሬሳዋ ከነጭራሹ የሚሄድበት እንዳያገኝ የሚያደርግ ቤት ሆኖ ተገኘ። እናቴ ነጠላዋን ይዛ ወጣችና ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቀን ቀን እዚያው ድንጋይ ላይ ትውላለች፤ ሲመሽ እትዬ ደብሬ ቤት ታድራለች። ቤት ገዝታ ጎረቤት የምታድር ሴት እናቴ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ሙሉቀን ዘንድ ደወልኩ።

«ግዝት እንዳለበት ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ!» አለ፣ የእውነት ተገርሞ። «የሽንት ቤቱን ጥልቀት የለካህ ሰው! ሁሉን ጠየቅከኝ፤ ይህን አልጠየቅከኝም።»

ልክ ነው።

የእናቴ ንስሐ አባት መምሬ አየነው ዘንድ ሄድኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያሰረው ይፍታው። እኔ የሌላ ሰው ቋጠሮ አልነካም» አሉ። አባ ኪዳኔ መንኩሰው ዲማ ገዳም መግባታቸውን ግን ነገሩኝ።

በማግስቱ ጉዞ ጀመርኩ። ሚኒባሱ አምበር ላይ ቆሞ ሰው ሲያወርድና ሲጭን በመስኮት አሻግሬ እያየሁ ቆሎ በላሁ። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ደጀን፣ ከዚያ ብቸና፣ ከዚያ በእግር። አባ ኪዳኔን ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ነው። አርጅተው ከቆዳና ከመስቀል በቀር የቀራቸው የለም። ጉልበታቸውን ስሜ ጉዳዬን ከነዝርዝሩ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«የካሴን ቤት ነው የምትለኝ?»

«አዎ አባ። የሸጠ የገዛ ይወገዝ ብለው…»

«ቤት አውግዤ አላውቅም። ቤት ምን በደለ?»

«ጎረቤቶቹ ሰምተናል ይላሉ።»

«ጎረቤት ከግዝት የሚያስታውሰው ጩኸቱን ነው። እኔ ያልኩት፣ ትበልጭን በሕይወቷ ሳለች ከዚህ ቤት ያስወጣ፣ ልጅም ቢሆን ባዕድ፣ በገንዘብም ቢሆን በጉልበት፣ ውጉዝ ይሁን ነው። ካሴ የለመነኝም ይህንኑ ነው። ልጁን ያውቀዋል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ትበልጭ የት ናት?»

«ውክልና ሰጥተዋል አባ። በሕጉ መሠረት ድርሻቸውን…»

«የት ናት ነው ያልኩህ እኮ።»

ቦርሳዬ ውስጥ ስለዚያ ቤት የተጻፈ ወረቀት ሁሉ ነበረ። የአሮጊቷን ጣት አሻራ በአጉሊ መነጽር ሳይቀር አይቼዋለሁ፤ የስልክ ብልት የማይበት መነጽር ነው። ጣቷ ከተነሣ በኋላ እሷ ወዴት እንደሄደች ግን ሰው አልጠየቅኩም። ለእናቴ የምትወጣበት በር ስፈልግ ሌላዋ እናት በየትኛው በር እንደወጣች አላየሁም።

«አምበር ናቸው» አልኩ። ጧት ቆሎ የበላሁበት።

«እንግዲያ አስገባት።»

«እርስዎ ቢፈቱንስ?»

«ምን ልፍታ? እሷ ከገባች የታሰረ የለም። ካልገባች ብፈታውም አይፈታም።»

«ለምን ያህል ጊዜ ትግባ?» ብዬ ጠየቅኩ። አመሌ ነው፤ ጊዜው ያልተወሰነ ስምምነት አልወድም።

«አንተ ልጅ፣ የሰው ዕድሜ ለምን ያህል ጊዜ ነው?»

«እሺ። ይህን የነገሩኝን በጽሑፍ…»

«ማኅተም የለኝም። መስቀል ነው ያለኝ» አሉና ግንባሬን በመስቀሉ ነካ አድርገው አሰናበቱኝ።

ለእናቴ ስነግራት ከድንጋይዋ ላይ ወዲያው ተነሣች። «እኔም እሄዳለሁ» አለች። አምበር ወርደን እየጠየቅን ደረስን። እማሆይ ትበልጭ የእኅታቸው ልጅ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቆብ አጥልቀዋል፤ ከጎናቸው በአንሶላ የተቋጠረ ዕቃ አለ። ቋጠሮው ላይ አቧራ ተቀምጦበታል። የእኅታቸው ልጅ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ «ባሕር ዳር ቤት አግኝቶ እስኪወስደኝ ነው ብለው ከመጡ ጀምሮ ቋጠሮውን አልፈቱትም» አለችን።

እማሆይ ግን ሲያዩን ፊታቸው በራ።

«ሙሉቀን ላካችሁ?»

እኔ ትክክለኛውን ነገር ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። እናቴ እግሬን ረገጠችው።

«አዎ እማሆይ፣ ሙሉቀን ነው የላከን» አለች። «ቤትዎ ይግቡ ብሏል።»

እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጎበዝ ናት።

እማሆይ ግቢያቸው ሲደርሱ መሬቱን ስመው ገቡ። ከዚያ ቀና ብለው ዙሪያውን ተመለከቱ።

«ይህን መጋረጃ ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ እማሆይ» አለች እናቴ።

«ተከራዮች ናችሁ?»

እኔ ወደ ቦርሳዬ፣ ወደ ካርታው እጄን ሰደድኩ። ያው እግሬ እንደገና ተረገጠ።

«አዎ እማሆይ» አለች እናቴ። «የሙሉቀን ተከራዮች ነን።»

እንዲህ አድርገን ቤት ገዝተን አከራይ አገኘን። ደግሞም ከቀደሙት ሁሉ የባሰች። ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነው። ልብስ በሰሜን በኩል አይሰጣም። አምፖል ከእራት በኋላ ይጠፋል። እንግዳ ሲመጣ «ያድራል?» ተብሎ ይጠየቃል። ካርታው በእኔ ስም ነው፤ ሚስማር ለመምታት ግን ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜም አይፈቀድልኝም።

«እማ፣ እውነቱን እንንገራቸው» አልኳት አንድ ቀን።

«ምን ብለህ? ልጅሽ ሸጦሻል ብለህ?»

ከዚያ በኋላ አላነሣሁትም።

አንድ ጧት እማሆይ ስልካቸውን ይዘው ሱቄ መጡ። «ይህ ነገር ተበላሽቷል» አሉ። «ሙሉቀን ሲደውል አይጮህም።» ከፈትኩት። ምንም አልሆነም። ባትሪው ደህና፣ ድምፁ ደህና፣ መስመሩ ደህና። የተበላሸው ስልኩ እንዳልሆነ ለባለቤቱ እንዴት እንደሚነገር በየትኛው የጥገና መመሪያ ላይ እንደተጻፈ አላውቅም። በብሩሽ ጠራርጌ መለስኩላቸውና «አሁን ተሠርቷል እማሆይ፤ ትንሽ አቧራ ነው» አልኩ። ሲወጡ ጠብቄ ሙሉቀን ዘንድ ደወልኩ። «እናትህ ዘንድ ደውል፤ እኛ የአንተ ተከራዮች ነን ብለናቸዋል። የጠገንኩት ስልክ ሳይሠራ ቀረ እንዳይባል፤ ስም አለኝ።» ደወለላቸው። ሰፈሩን ዞረው «ይህ ልጅ እጁ የተባረከ ነው» እያሉ አወሩልኝ።

ክረምቱ ሲበረታ እማሆይ ተኙ። እናቴ ከአጠገባቸው አልተለየችም። ታጥባቸዋለች፣ ሾርባ ታጎርሳቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እማሆይ እጇን ያዙና «አስቸገርኳችሁ፤ ኪራይ እየከፈላችሁ የሰው በሽተኛ… ከከበዳችሁ አምበር መልሱኝ» አሏት።

እናቴ ወደ እኔ አላየችም፤ ግን አከራያችንና ብርቱካናቸው ትዝ እንዳሏት አውቃለሁ።

«ከዚህ የት ይኬዳል እማሆይ? ቤትዎ እኮ ነው» አለች። «ሠርግም የለብን።»

በሁለተኛው ቀን እማሆይ መምሬ አየነውን አስጠሩ። ልንወጣ ስንል «ቆዩ፣ እናንተም ስሙ» አሉን። እትዬ ደብሬም ጠበል ይዛ ቆማለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ጠበል ያዢዋ እሷ ናት።

«መምሬ፣ ልጄን አውቀዋለሁ» አሉ እማሆይ። «እኔ ስሞት ይህችን ሴት ያስወጣታል። እሷ እናቴም እኅቴም ሆናኛለች። ይገዝቱልኝ። ይህችን ሴት በሕይወቷ ሳለች ከዚህ ቤት የሚያስወጣት እንዳይኖር።»

መምሬ አየነው ቤቱ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። እናቴን ከዚያ ቤት ሊያስወጣ የሚችል በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ እንዳለም ያውቃሉ። መስቀሉን አነሡና ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ፣ ልጅም ቢሆን ባዕድ፣ በገንዘብም ቢሆን በጉልበት፣ ብለው ግዝቱን እስከ መጨረሻው አወረዱት።

«አሜን» አልኩ። ድምፄ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ።

እማሆይ ከሰንበት በፊት ዐረፉ። ድንኳኑ ግቢያችን ተተከለ። ሙሉቀን ከባሕር ዳር መጣ፤ ከልቡ አለቀሰ፤ ሰው ሲያለቅስ ውሸቱንና እውነቱን ለይቼ የማላውቅበት ጊዜ የለም፤ እሱ እውነቱን ነበር። ለቅሶው መሐል ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «እንግዲህ ግዝቱ ተፈታ አይደል?» አለኝ።

«ተፈታ። ሌላ ታሰረ።»

ሬሳው ሲወጣ እኔም አንዱን ጫፍ ይዣለሁ። የግቢው በር ላይ ስንደርስ ቆምን። ሣጥኑ አላልፍ አለ። አጥሩን ለክቻለሁ፣ መሬቱን ለክቻለሁ፣ ሽንት ቤቱን ለክቻለሁ፤ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣበትን በር ግን አልለካሁትም። የእድሩ ሰዎች «አዘንብለው! በግራ በኩል! ቀስ!» እየተባባሉ እማሆይን በጎናቸው አዘንብለው አወጧቸው። ዞር ስል እናቴ ከድንኳኑ ጥግ ቆማ ታያለች። አታለቅስም። በዓይኗ እየለካች ነው።

ከሠልስቱ በኋላ ጠራችኝ።

«ያንን የበሩን መቃን አስነሣውና ሰፋ አድርገው። እኔ ከእማሆይ እወፍራለሁ።»

«እሺ እማ። አናጢ ልጥራ።»

ይህ ከሆነ ቆየ። አሁንም ጧት ጧት ከቤት ስወጣ በሩ ድረስ ትሸኘኝና «ምነው፣ አናጢው?» ትለኛለች።

«ሥራ በዝቶበታል» እላለሁ። «በሚቀጥለው ሳምንት።»

ቀጠሮ አጥፌ አላውቅም። ሰኞ ያልኩትን ስልክ ሰኞ ነው የማስረክበው፤ የሰፈሩ ሰው ይመሰክራል። አናጢው ሱቁ ከእኔ ሱቅ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ መዶሻው ሲመታ ባንኮኒዬ ላይ ብሎን ይዘላል። ሥራም የለውም፤ ውሎው ደጃፌ ላይ ነው። እስካሁን ስለ በሩ አላነሣሁለትም።